ከመጋረጃው ጀርባ ያኖርኩት ቱቦ

ደብረ ታቦር ከገበያው በላይ ባለው የጥርስ ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አንድም ጥርስ አልነቀልኩም። ቀኑን ሙሉ ሲሊንደር ሳቅፍ ዋልኩ። ከባሕር ዳር በአይሱዙ የመጡ አራት ሲሊንደሮች ነበሩ፤ ሁለቱ ሰማያዊ፣ ሁለቱ አናታቸው ነጭ። ሰማያዊዎቹ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ነጮቹ ኦክስጅን ናቸው። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ሙሉቀን ደረጃው ላይ ቆመው፣ “ቀስ ይበሉ ጋሽ ታደሰ፣ ሕፃን እንደያዙ ይቁጠሩት” ይሉኛል። ሕፃን እንዲህ የሚከብድ ከሆነ እናቱስ ምን በወጣት ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ።

ከዚያ በፊት በመንግሥት ሆስፒታል ሃያ ዓመት ያህል በጥርስ ሕክምና ባለሙያነት ሠርቻለሁ። እዚያ ማደንዘዣ መርፌ ነበረን፤ ለመርፌው ፍርሃት ግን ምንም አልነበረንም። ሕፃን ሲመጣ አባቱ ትከሻውን፣ አጎቱ እግሩን ይይዛል፤ እኔ እነቅላለሁ። የስንቱ ልጅ ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ እንደቀረ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ ጋዙ ሲመጣ ደስ ያለኝ ከልቤ ነው።

ይህን የምጽፈው በዚህ ጋዝ ለምትሠሩ፣ ወይም ነገ ለምትጀምሩ የሙያ ልጆቼ ነው። ደስ የሚል ታሪክ የምትፈልጉ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ጋዙ ሰው አያስተኛም፤ ፍርሃቱን ያላላል። ታካሚው አፍንጫው ላይ ጭንብል ይደረግለትና መጀመሪያ ኦክስጅን ብቻ ይስባል። ከዚያ ናይትረሱን ቀስ በቀስ ትጨምራላችሁ። ትከሻው ሲወርድ፣ ዓይኑ ሲለዝብ፣ እጁ የወንበሩን ክንድ ሲለቅ መርፌው ይገባል። ሲያልቅ እንደገና ኦክስጅን ብቻ ነው። መመሪያው ቆላ ለሚኖር ሰው የተጻፈ ይመስላል፤ በእኛ ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ጋዙ ጉልበቱ ይደክማል። እኛ ስለዚህ መጠኑን ከፍ እናደርግ ነበር። ብዙ በከፈታችሁ ቁጥር ታካሚው ተንፍሶ የሚያወጣውም ይበዛል፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

አዲስ አበባ ለሦስት ቀን ያሠለጠኑን መምህርት ጠና ያሉ፣ ቀልድ የማያውቁ ሴት ነበሩ። “ታካሚው የተነፈሰው ጋዝ የት ይሄዳል?” ብለው ጠየቁን። “ካላስወጣችሁት እናንተ ጋ ነው የሚሄደው። እሱ ግማሽ ሰዓት ስቦ ቤቱ ይገባል፤ እናንተ ግን ዕድሜያችሁን ሙሉ ትስቡታላችሁ። ከጭንብሉ የሚነሣውን የመውጫ ቱቦ ጫፍ ከቤት ውጭ አድርጉ” አሉ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ከሥሩም አሰመርኩበት።

በክሊኒኩ አጠገቤ የምትቆመው ሲስተር እናትነሽ ነበረች። የእብናት ልጅ ናት፤ ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት። ቦታዋ ከታካሚው ራስጌ በስተግራ፣ መስኮቱ ሥር ነው። በአንድ እጇ የምራቅ መምጠጫውን፣ በሌላው የታካሚውን እጅ ትይዛለች። እሷ እጁን የያዘችለት ሰው ግማሹን ጋዝ አይፈልግም ነበር። ይህን ለማሞገስ አይደለም የምለው፤ የፍሰት መለኪያውን የማነበው እኔ ስለነበርኩ አውቀዋለሁ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ጋዙም ያው ብቅል ነው። አንዲት የጨርቅ ነጋዴ ሚስት ጥርሷ ከወጣ በኋላ፣ “አልሐምዱሊላህ! ሰባት ዓመት ሙሉ አማቴን ሳልሰድብ ይህን ጥርስ ነክሼ ቻልኩ፤ አሁን በምኔ ልቻል?” ብላ ክፍሉን በሳቅ ገደለችው። አማቷ በር ላይ ተቀምጠው ነበር።

መከራው ግን ይህ ነው፤ በጋዝ ላይ ያለ ሰው መናገር የለበትም። አፉን በከፈተ ቁጥር ጋዙ ወደ ክፍሉ ይወጣል። በእኛ አገር ደግሞ ዘመድ ሕመምተኛን ዝም ብሎ አያይም። “አይዞህ!” ይላል በር ላይ የቆመው ሁሉ። ታካሚውም ካልመለሰ ነውር ነው፤ “ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ” እያለ ጋዙን እላያችን ላይ ይተፋዋል። ቢሆንም መስኮቱ ክፍት ስለነበር፣ ቱቦውም በመስኮቱ በኩል ወደ ጓሮ ወጥቶ ስለተንጠለጠለ ብዙ አያሳስብም ነበር።

ነገሩ የተበላሸው አያ ቢያድግልኝ በሚባሉ ሽማግሌ ምክንያት ነው። ምክንያት አልኩ እንጂ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም።

ከጉና ሥር በበቅሎ መጥተው አንድ መንጋጋ ነቀልኩላቸው። በአራተኛው ቀን ጉንጫቸው አብጦ፣ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ ሁለት ልጆቻቸውን አስከትለው ተመለሱ።

“ነፋስ አስገባህብኝ” አሉኝ። “ያን መስኮት አንተ አልነበርህም ወይ የከፈትኸው?”

“አያ፣ ቁስሉ አመርቅዞ ነው እንጂ ነፋስ አይደለም።”

“ነፋስ ባይገባበት በምን ያመረቅዛል?”

መልሱ ነበረኝ፤ ለእሳቸው የሚሆን ግን አልነበረም። መግሉን አፍስሼ መድኃኒት ሰጠኋቸው፤ ዳኑም። ወሬው ግን ከእሳቸው ቀድሞ ገበያ ደርሶ ነበር። “እዚያ ቤት በነፋስ ይነቅላሉ” ተባለ። በደጋ ሰው ዘንድ ለተከፈተ ቁስል ከነፋስ የከፋ ጠላት የለም። የሚመጣው ሰው መጀመሪያ የሚያየው መስኮቱን ሆነ፤ አንዳንዱ ራሱ ተነሥቶ ይዘጋዋል፤ ሌላው ክፍት መሆኑን አይቶ ከበር ይመለሳል።

ዶክተር ሙሉቀን አንድ ጠዋት ጠሩኝ። “ጋሽ ታደሰ፣ ያን መስኮት ይዝጉት።”

“ቱቦውስ?”

“ቱቦውን እርስዎ ያውቁበታል።”

በዚያው ቀን ቱቦውን ወደ ውስጥ ሳብኩት። መስኮቱን በወፍራም ላስቲክ ሸፍኜ ዙሪያውን በምስማር መታሁት። ምስማሩን የምታቀብለኝ እናትነሽ ነበረች። “ተመስገን፣ ከእንግዲህ እግሬ አይቀዘቅዝም” አለች። ላስቲኩ ላይ መጋረጃ ሰቀልኩ፤ የቱቦውን ጫፍ ጠቅልዬ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጥጉ ላይ አኖርኩት። እሷ ከምትቆምበት አንድ ክንድ ቢርቅ ነው።

አላውቅም ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። አውቅ ነበር። ያሰመርኩበት ደብተር መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ግድግዳውን በስቼ አወጣዋለሁ አልኩ። ክረምቱ ወጣ። ግንበኛው መስቀል ይለፍ አለ፤ መስቀል አለፈ። ከዚያ በኋላ ግንበኛውንም አልፈለግሁትም። ክፍሉ ሞቋል፤ ሰውም መምጣት ጀምሯል። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ።

ምልክት አልጠፋም። ከሰዓት በኋላ ሁላችንንም ራስ ምታት ይይዘን ነበር፤ በድካም አመካኘነው። እናትነሽ ያለ ምክንያት ትስቃለች፤ ጠባይዋ ነው አልን። አዲስ የተቀየረው ሲሊንደር ከታካሚው ቁጥር ቀድሞ ያልቃል፤ ባሕር ዳር ያለውን አቅራቢ ጎዶሎ ይልክልናል ብለን አማነው። ማታ ስወጣ የሲሊንደሩን ቁልፍ አጥብቄ መዝጋቴን እንኳ ሁልጊዜ አላስታውስም።

እናትነሽ ጾም ታጠብቃለች። ሁዳዴን፣ የገናን፣ የሐዋርያትን፣ ፍልሰታን፣ ረቡዕና ዓርቡን፤ ግዴታ ያልሆነውን ጽጌን እንኳ ትጾማለች። እኔ በጨጓራዬ ምክንያት የንስሐ አባቴ ወተት ፈቅደውልኛል፤ እውነቱን ለመናገር ከተፈቀደልኝም አለፍ እል ነበር።

“ገነት ስትገቢ በሩ ላይ ቆመሽ ጥሪኝ” እላታለሁ።

“አንቱማ ያን ሁሉ ወተት ተሸክመው በየት በር ያልፋሉ?” ትለኛለች።

በሁለተኛው ዓመት ሁዳዴ ሲጋመስ፣ “ጋሼ፣ እግሬ ጥጥ የሚረግጥ ይመስለኛል” አለችኝ። “ጫማ ጠቦሽ ነው” አልኳት። እንዲህ ነው ያልኳት፤ ዞር ብዬ እንኳ እግሯን አላየሁም።

እናቷ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወሰዷት። ዐሥር ቀን ተቀምጣ ስትመለስ ራስ ምታቱ ለቋታል፤ እግሯም ቀለል ብሎታል። ፀበሉንም ፍል ውኃውንም አመሰገንን። ወር ሳይሞላት ባሰባት። እንደገና ሄደች፤ እንደገና ተሻላት፤ ተመልሳ ሥራ ስትገባ እንደገና ታመመች። ገበሬ እንኳ በሬው አንዱን መስክ በጋጠ ቁጥር የሚታመምበት ከሆነ መስኩን ይመረምራል። እኛ የተማርን ሰዎች ወንዛዬ ደግ ውኃ ነው አልን።

አንድ ቀን የመሣሪያውን ሳህን ይዛ ቆማ ሳለ ከእጇ ወደቀ። ሳህኑ መሬት ላይ ሲንኳኳ እሷ ገና እንደያዘች ናት፤ ጣቶቿ እንደታጠፉ ቀርተዋል።

“ሲስተር፣ እጅሽ የት ነው?” ብለው ዶክተር ሙሉቀን ተቆጡ።

እጇን አየችው። “አላውቅም” አለች። ስታሾፍ መስሏቸው ይበልጥ ተቆጡ። እኔ ፊቷን አይቼ ነበርና እንዳላሾፈች ገባኝ። ያን ቀን ፈራሁ፤ ፈርቼም ዝም አልኩ።

በሳምንቱ ጠዋት መታጠቢያው ጋ ፊቷን ልትታጠብ ዓይኗን ጨፈነች፤ እንደጨፈነችም እንደ ግንድ ወደቀች። እግሯ መሬቱን የሚያገኘው በዓይኗ ብቻ ሆኖ ኖሯል። ግንባሯን ሰፍተን ባሕር ዳር ላክናት።

ስትመለስ በእናቷ ተደግፋ መጥታ የታካሚዎች አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሐኪሙ የነገሯትን ቀስ ብላ ነገረችኝ። ቢ ትዌልቭ የሚባል ቫይታሚን አለ፤ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው፤ ነርቭ ያለ እሱ አይቆምም። ናይትረስ ይህን ቫይታሚን ሰውነት ውስጥ እንዳለ ያበላሸዋል። የሞላለት ሰው ብዙ ጊዜ ይቋቋመዋል፤ በጾም ያነሰበት ሰው አይቋቋመውም። የጀርባ ነርቯ ተጎድቷል።

“ሐኪሙ የምትሠሩበት ክፍል መስኮት አለው ወይ አሉኝ” አለች።

“ምን አልሻቸው?”

“አለው አልኳቸው። ዝግ ነው አልኳቸው።” ይህን ስትል አላየችኝም፤ እናቷ ግን አዩኝ።

ዶክተር ሙሉቀን የመሣሪያ ጠጋኝ አስመጡ። ሰውየው ሳሙና በጥብጦ በየመጋጠሚያው ቀባ፤ በሦስት ቦታ አረፋ ፈላ። ከዚያ የመውጫ ቱቦውን በእጁ እየተከተለ ሄዶ መጋረጃውን ገለጠ።

“ይኼ ቱቦ ማንን ነው የሚያስተነፍሰው?” አለ። ላስቲኩን ራሱ ቀደደው። ግድግዳውን በስቶ ቱቦውን ከጣሪያ በላይ አወጣው፤ መጋጠሚያዎቹን ቀየረ። “ቱቦው ክፍላችሁን ያድናል እንጂ ሰማዩን አያድንም” አለኝ። “ይህ ጋዝ ላይ ወጥቶም ረጅም ዘመን እየኖረ ምድርን ከሚያሞቁት ነው። ለማያስፈልገው ሰው አትክፈቱ፤ ሥራ ስታቆሙ ከሲሊንደሩ ዝጉ።” ሥራው ግማሽ ቀን አልፈጀም። ሁለት ዓመት ያሳደርኩት ነገር ግማሽ ቀን አልፈጀም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

እናትነሽ ጉዳቷ ከሥራ የመጣ ተብሎ እንዲጻፍላት ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አመለከተች። አጣሪ ከመምጣቱ በፊት ዶክተር ሙሉቀን ቢሮአቸው አስገብተው በሩን ዘጉ።

“ጋሽ ታደሰ፣ መስኮቱ እንደ አስፈላጊነቱ ይከፈት ነበር ይበሉ። ጾሟ እንደጎዳት ሐኪሙም ጽፏል። ይህ ቤት ከተዘጋ የስንት ሰው እንጀራ እንደሚዘጋ እርስዎ ያውቃሉ።”

አጣሪው ወጣት ነበር፤ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠየቀኝ። “አንዳንዴ ይከፈት ነበር” አልኩት። ጻፈው። ፈረምኩ። በወሩ ጉዳቱ ከሥራዋ ጋር መያያዙ አልተረጋገጠም የሚል ወረቀት መጣ፤ እሷም ከሥራ ተሰናበተች።

ከተማው የራሱን ፍርድ ሰጠ። “ጾም ነው የጎዳት። ምን አስጨነቃት? ያለ ልኩ አበዛችው” ተባለ። የንስሐ አባቷ ለሕመም ሥርዓት አለው ብለው ወተትና እንቁላል አዘዙላት። በተከታዩ ሁዳዴ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ወተት እያለቀሰች እንደጠጣች እናቷ ለጎረቤት ተናገሩ፤ ጎረቤት ለእኔ ነገረኝ። እኔ በየሁዳዴው እየሳቅሁ የምጠጣውን።

ሦስት ወር ያህል እንዳላገኛት መንገድ ስቀይር ቆየሁ። በመጨረሻ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቷ ሄድኩ። ከዘራዋን አጠገቧ አጋድማ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፤ የልጇን የትምህርት ቤት ልብስ ቁልፍ ልትተክል መርፌ ይዛለች። መርፌው በጣቶቿ መሐል መኖር አለመኖሩን የምታውቀው ትክ ብላ አይታው ነው።

“ጋሼ፣ እንኳን መጡ። ክር ያግቡልኝ” አለችኝ።

ክሩን አስገባሁላት። ከዚያ፣ “እናትነሽ፣ ለአጣሪው ዋሽቻለሁ” አልኩ።

“አውቃለሁ። ቃልዎን አንብቤዋለሁ።”

“ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?”

“አንቱ ራስዎ እስኪመጡ ብዬ ነው።”

አንገቴን ደፋሁ። ይቅር በይኝ አልኳት። እሷ ግን ይቅርታዬን አልፋ ሄደች። “እግሬ እንደሆነ ሐኪሙ ያዘዙልኝ የቫይታሚን መርፌ ያቆመውን ያህል አቁሞታል። የባሰብኝ እሱ አይደለም” አለች። “ጾሟ ነው የጎዳት ይላሉ፤ እናቴን ገበያ ላይ ሳይቀር ይሏታል። ልጄ ሰምታ፣ ‘እማዬ፣ እግዚአብሔር ነው ያሳመመሽ?’ አለችኝ። ጋሼ፣ እሱን ብቻ ያንሱልኝ።”

ሰኞ ጠዋት አጣሪው ቢሮ ሄጄ አዲስ ቃል ሰጠሁ። መስኮቱን በየትኛው ቀን በምን እንደዘጋሁት፣ ቱቦውን የት እንዳኖርኩት፣ ማን ምን እንዳለኝ፣ እኔስ ምን እንዳወቅሁ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ።

“ያኔ ለምን አልተናገሩም?” አለኝ።

“እንጀራዬን ፈርቼ” አልኩት። እሱንም ጻፈው።

ዶክተር ሙሉቀን በሳምንቱ አሰናበቱኝ። አልተከራከርኩም፤ ያን ጊዜ ጡረታዬም ደርሶ ነበር። ክሊኒኩ አልተዘጋም። የማንም እንጀራ አልተዘጋም።

አዲሱ ውሳኔ ሲወጣ ቅጂውን ይዤላት ሄድኩ። እናቷን ከጓዳ፣ ልጇን ከጎረቤት አስጠራች። ሁለቱ ሲቀመጡ፣ “ያንብቡላቸው” አለችኝ። አነበብኩ። ጉዳቱ የደረሰው በሥራ ቦታዋ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ጋዝ በመተንፈሷ ነው ይላል። ልጅቷ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ አለች፤ ደገምኩላት። እናትነሽ ወረቀቱን ተቀብላ ልታጥፈው ሞከረች፤ ጠርዙ አልገጥምላት አለ። ከእጇ ወስጄ ላጥፍላት ስል ልጅቷ ቀደመችኝ።

ዛሬ እናትነሽ በከዘራ ትሄዳለች፤ ሲጨልም አትወጣም። ወደ ሙያው አልተመለሰችም፤ አትመለስምም።

ከዚህ ሁሉ ዓመት ሥራ የተማርኩት ይህን ነው። ለታካሚው በየአምስት ደቂቃው “እንዴት ነዎት?” እል ነበር፤ መመሪያው ያዝዛልና። አጠገቤ ለቆመችው የሚያዝዝ መመሪያ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ጋዝ ከመክፈታችሁ በፊት የመውጫው ቱቦ የት እንደሚያልቅ ሄዳችሁ እዩ። ከዚያ አብሯችሁ የሚሠራውን ሰው እንዴት እንደሆነ ጠይቁት፤ ሲመልስላችሁም ስሙት።